ሰሌዳው ላይ የወጣው ካምቢዮ

በሰፈራችን «ሰሌዳው» የሚባል ሰው አለ። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው። በአንድ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ውስጥ፣ ከአንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስለ መኪና አስተምሯል። በከተማው ከሚያሽከረክሩት ሰዎች ግማሾቹ ፍሬንና ፍሪሲዮን የለዩት በእሱ አፍ ነው። የቀሩት ግማሾች ገና አልለዩም፤ በየመስቀለኛ መንገዱ እናገኛቸዋለን።

ካምቢዮ ሲሥል ማየት ነው። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ እያለ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሲደረድር፣ ፊት ወንበር ላይ ያሉት ተማሪዎች ዘይት እንዳይረጫቸው ወደ ኋላ ሸሸት ይላሉ። በግምት ቢሰላ እስከ ዛሬ ስድስት ሺህ ካምቢዮ ሥሏል። በእጁ የነካው ግን አንድም የለም። በሕይወቱ ከያዛቸው መሣሪያዎች ሁሉ ከባዱ ዳስተር ነው።

ሌላም ልማድ አለበት። ተማሪዎቹ ፊት ለፊቱ ስለሚቀመጡ፣ «ቀኝ» ሲል የሚያነሣው ግራ እጁን ነው፤ በእነሱ ቀኝ በኩል እንዲታያቸው። ሚስቱን ያገኛትም በዚሁ ልማድ ሰበብ ነው። ያኔ ነርስ ለመሆን የምትማር ልጅ ነበረች። አንድ ቀን አርፍዳ ስትመጣ ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ነበርና ከጥቁር ሰሌዳው ሥር፣ ከእሱ ጎን፣ ፊቷን ወደ ተማሪው አዙራ ተቀመጠች። ከጎኑ ሆና የምታየው እጅና ከአፉ የሚወጣው ቃል አልገጥም አላት። የእጅ ምልክት ፈተናውን ወደቀች። ቢሮው ድረስ ሄዳ ተከራከረችው። ክርክሩ ስምንት ወር ፈጅቶ በጋብቻ ተደመደመ። ማን እንደ ረታ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ያቺ ልጅ ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» የሚላት ነርስ ናት። ቤታቸው ውስጥ ሦስተኛዋ ሰው የሲስተር እናት ናቸው። አራተኛዋ መኪናዋ ነበረች፤ ቤንዚንም ኤሌክትሪክም የምትበላ ሃይብሪድ። ድምፅ የሚባል አልፈጠረባትም። ከኋላ እንደ ድመት መጥታ ስትቆም የዘለልን ሰዎች ተሰልፈን ብንመሰክር መንገዱ ይዘጋል።

ታዲያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። ሲስተር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ዋና ነርስ ሆና ተሾመች፤ ሥራዋን የምትጀምረው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ። በዚያ ሰዓት የሚያደርስ አውቶቡስ የለም። «ምን ችግር አለው፣ መኪና አለን» ተባለ። ይህ የተባለው ሐሙስ ነው። መኪናዋ ዓርብ ሞተች።

አሟሟቷም እንደ አኗኗሯ ነው፤ ጭጭ። አደባባዩ ላይ ስትደርስ ከመሪው ፊት ያሉት መብራቶች በሙሉ፣ ቀይ ብጫ ሳይሉ፣ በአንድ ጊዜ በሩ። ከዚያ አልንቀሳቀስ አለች። ሰሌዳው ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ቆሞ አየ። የሚያየው ነገር ከሚሥለው ነገር ጋር ምንም ዝምድና ስላልነበረው ኮፈኑን በአክብሮት ዘጋው።

ተገፍታ ግቢያቸው ስትገባ፣ ሁላችንም ከምንውልበት ካፌ ፊት ለፊት ጋራዥ ያለው፣ ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው መካኒክ መጥቶ አያት። መመርመሪያ መሣሪያውን ሰካ፤ ነቀለ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ይህ የእጅ አጠራረግ ሐኪም ዘመድ ከመጥራቱ በፊት የሚያደርገው ዓይነት ነው።

«ቲቸር፣ ካምቢዮው ሄዷል።»

«ታዲያ ሥራልኛ!»

«እኔ? ይሄ እኮ መኪና አይደለም፤ ጎማ የተገጠመለት ኮምፒዩተር ነው። እኔ የሚጮኽ በሽተኛ ነው የማክመው። ይሄ ሲድንም ዝም፣ ሲሞትም ዝም። ምኑን ይዤ?»

«የሚነካው ሰው የለም?»

«አንድ ጋራዥ አለ። ወረፋው ሦስት ወር ነው።»

የዚያን ቀን ምሳ ላይ ሲስተር ነገሩን በነርስ ደንብ፣ ሳታጋንን አስቀመጠችው። «ሦስት ሳምንት አለን። መኪናዋ ከተነሣች እየተመላለስኩ እሠራለሁ። ካልተነሣች እዚያ አንድ ክፍል እይዝና ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«ክፍል?»

«አይቼዋለሁ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው።»

ሰሌዳው ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። ሰው የመስኮቱን አቅጣጫ ካወቀ ግማሽ ዕቃውን አስገብቷል ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳራቸው ተለያይተው ያደሩት እሷ ተረኛ በሆነችባቸው ቀናት ብቻ ነው፤ በእነዚያም ቀናት እሱ የሚተኛው በእሷ በኩል ነው።

«እኔ እቀይረዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ካምቢዮውን።»

የሲስተር እናት ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «በጠመኔ?» አሉ።

ወሬው ካፌው የደረሰው ሻይው ሳይቀዘቅዝ ነው። ዶክተር ወንበሩ ላይ ተለጥጦ «ጠመኔ ቡሎን አይፈታም» አለ፤ በረንዳው ሁሉ ሳቀ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ሰሌዳው ግን ከሦስት ቀን በኋላ ከአሮጌ መኪና መበተኛ ግቢ ሌላ ካምቢዮ አስጭኖ መጣ። ከኋላ ተገጭታ ወገቧ ከተሰበረ፣ ፊቷ ግን ጭረት ከሌለው እህት መኪና የወጣ ነው። ዶክተር ሲያየው ከንፈሩን መጠጠ።

«ቲቸር፣ እነዚያ ሰዎች እኮ ያንዱን ጉበት ላንዱ ነው የሚሸጡት። ያንተ መሆኑን የምታውቀው ገጥመህ ስትጨርስ ነው።»

ይቺ ቃል እንደ እሾህ ሰሌዳው ልብ ውስጥ ተቀመጠች። በኋላ ጉድ ያፈላችው እሷ ናት።

ሥራው ዓርብ ከሰዓት ተጀመረ። መጀመሪያ እጁን የጎማ ጓንት ውስጥ ከቶ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ሥር ከትልቁ ባትሪ ላይ አንዲት ብርቱካንማ መሰኪያ ነቀለ። ይቺ ካልተነቀለች ሽቦዎቹ ሰው ይገድላሉ። ከነቀላትም በኋላ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪበርድ ሰዓቱን እያየ አሥር ደቂቃ ቆመ። ሲስተር እጇን ዘረጋች።

«አምጣት።»

«ምን ታደርጊያታለሽ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ትቀመጣለች። አንተ ከሥሩ ተኝተህ ሌላው ሰው እንዳይሰካት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ልብ በሲስተር የእጅ ቦርሳ ውስጥ፣ ከሊፕስቲክና ከቴርሞሜትር ጋር እየተመላለሰ ሥራ ገባ።

እናቷ ወንበር አስወጥተው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ባዶ የእንቁላል ካርቶን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከመኪናዋ የሚወጣውን ቡሎን እየተቀበሉ በየጉድጓዱ የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። በየጉድጓዱም ስም አወጡለት፤ «የአፍንጫዋ፣ የጉልበቷ፣ የብብቷ» እያሉ። ሰሌዳው ደግሞ ከሚስቱ የሕክምና ቦርሳ ነጭ ፕላስተር ወስዶ፣ በሚያወጣው ነገር ሁሉ ላይ እየለጠፈ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ጽሑፍ ላይ ማን ይችለዋል! በሁለተኛው ቀን መኪናዋ ከአደጋ የተረፈች ቁስለኛ መሰለች።

«ልጄ» አሉ እናቷ፣ ግማሹ ሆዷ ውጭ ሲደረደር አይተው፣ «ይሄ ሁሉ ውስጧ ነበር ወይስ አንተ ጨመርክበት?»

«ውስጧ ነው እማማ።»

«ወይ ጉድ! እኛ ደግሞ ዝምተኛ ናት እንላለን፤ ችላ ነው እንጂ!»

ከጎማዎቹ ወደ ካምቢዮው የሚገቡ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ሰሌዳው ከመኪናዋ አፍንጫ በኩል በጀርባው ተንሸራቶ ገባ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ እግሩ ውጭ። ዘንጎቹን ከካምቢዮው ነቅሎ አወጣቸው። በአንዱ ላይ «ቀኝ»፣ በአንዱ ላይ «ግራ» ብሎ ጽፎ ለጠፈና ከግድግዳው ሥር አጋደማቸው።

አሁን ቀረ ትልቁ። ሞተሩን ከላይ በወፍራም እንጨትና በሰንሰለት አንጠለጠለው። ካምቢዮው ግን አንድ ኩንታል የሚመዝን ብረት ነው፤ በምን ይወርዳል? በምንስ ይጎተታል? ሰሌዳው አሰበና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ሲመለስ በጋሪ ላይ ያመጣው ያንን ጥቁር ሰሌዳ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረበትን፣ ከግድግዳው ነቅሎ።

ዶክተር «ለማየት ብቻ» ብሎ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ለማየት ብቻ» ያለ መካኒክ ከአምስት ደቂቃ በላይ ቆሞ አያውቅም፤ ክሪክ ይዞ ገባ። ጥቁር ሰሌዳውን ከመኪናዋ ሥር አነጠፉት። ካምቢዮው ከሞተሩ ተላቀቀ፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወረደና ዷ ብሎ ተቀመጠ። ጥቁር ዘይት ከአፉ ወጥቶ ሰሌዳው ላይ ፈሰሰ።

«ቲቸር» አለ ዶክተር ላቡን እየጠረገ፣ «ከስድስት ሺህ በኋላ ዛሬ ገና እውነተኛ ካምቢዮ ሰሌዳ ላይ አወጣህ።»

አስተዋይ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ይገጥም ነበር። ሰሌዳው ግን ሃያ ሁለት ዓመት ውስጡን ሲሥል የኖረው ነገር በመጨረሻ በእጁ ገብቶለት እንዴት ሳያየው ይጥለዋል? ቡሎኖቹን ፈታ። ዶክተርም ወደ ቤቱ መሄዱን ረሳ። ክዳኑን ሲያነሡት ሁለቱ ሰዎች ጭንቅላታቸው ተጋጨ።

«የታል ማርሹ?» አለ ሰሌዳው።

አንደኛ ማርሽ የለም። ሁለተኛ የለም። አምስተኛ የለም። ፍሪሲዮን የለም። የኋላ ማርሽ እንኳን የለም! ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተሮች፣ በመካከላቸው አንድ ትንሽ ጥርሳም ቀለበት፣ ቀለበቱ ውስጥ የሚሽከረከሩ ትናንሽ ጥርሳም ጎማዎች፤ በቃ።

«ተሰርቆ ይሆናል» አለ ዶክተር።

ሰሌዳው አንድ የተፈታ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ዘመዱ ሲያወራ ኖሮ፣ ቤቱ ሲደርስ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ኖሮ አያውቅም የተባለ ሰው መሰለ። ለሩብ ሰዓት ያህል እንደዚያ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር በራ። ትንሹን ጎማ በጣቱ አዞረ። ሌላው ዞረ። ሌላውን ያዘ፤ የመጀመሪያው በሌላ አቅጣጫ ዞረ። «ቆይ» አለ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ።»

«ቆይ» ያለው ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጥቁር ሰሌዳውን ለትምህርት ቤቱ ቢመልስም «ቆይ» ማለቱን አላቆመም። ጠዋት ያስተምራል፤ ከሰዓት እየሮጠ መጥቶ ከአሮጌው ካምቢዮ ሬሳ አጠገብ ይቀመጣል። አዲሱ ካምቢዮ ከግድግዳው ሥር ሸራ ተከናንቦ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ሳምንት እንዲህ ሄደ። ሲስተር ከሥራ ስትመለስ ባሏ የሚያዞረውን ታያለች፤ የቀን መቁጠሪያውን ታያለች፤ ምንም አትልም። ነርስ ምንም ሳትል ስታያችሁ ግን ፍሩ።

በሁለተኛው ዓርብ ከሰዓት ከወጥ ቤት ትልቁን ድስት፣ አንድ የሻይ ብርጭቆና ሦስት ሎሚ ይዞ ወጣና ሁለቱን ሴቶች ጠራ። ብርጭቆውን ድስቱ መሐል አቆመ፤ ሎሚዎቹን በብርጭቆውና በድስቱ ግድግዳ መካከል ሸጎጣቸው።

«ይሄውላችሁ። ብርጭቆው ፀሐይ ነው፤ እሱን ትንሹ ኤሌክትሪክ ሞተር ያዞረዋል። ሎሚዎቹ ፀሐይን የሚዞሩ ፕላኔቶች ናቸው፤ እነሱን ይዞ የሚዞረው ቤንዚን ሞተሩ ነው። ድስቱ ደግሞ ከትልቁ ኤሌክትሪክ ሞተርና ከጎማው ጋር የታሰረ ነው።»

ብርጭቆውን አዞረ። ሎሚዎቹ ተንከባለሉ።

«ታዲያ ማርሽ የሚቀይረው ማን ነው?» አለች ሲስተር።

«ማንም! ጉዱ እሱ ነው። ሁለቱ በምን ፍጥነት እንደሚዞሩ ከወሰኑ ሦስተኛው ምርጫ የለውም። ወደደም ጠላም በዚያው ልክ ይዞራል።»

እናቷ ድስቱን ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። «እንዴ፣ ይሄማ የኛ ቤት ነው! እኔና ልጄ ከተስማማን አንተ የት ትሄዳለህ?»

ሲስተር ሳቀች። በዚያ ሳምንት የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ከዚያ ሎሚዎቹን ከድስቱ ለቅማ አወጣች። «ቲቸር፣ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። አንተ ሬሳ እየመረመርክ ነው።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

«አንተ ሥሩ ላይ ስትደርስ እኔ ምሥራቅ መስኮቱ ላይ ነኝ።»

ግን ምርመራው በከንቱ አልቀረም። የትልቁ ሞተር የመዳብ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ከስሎ ነበር፤ ዘይቱም ሬንጅ መስሎ ነበር። ተቀይሮ አያውቅማ! ዘይት ስለ መቀየር አሥራ አንደኛው ትምህርት ላይ ሲያስጠነቅቅ የኖረ ሰው፣ የገዛ መኪናውን ዘይት አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየም። ስለዚህ አዲሱን ካምቢዮ ከመግጠሙ በፊት ያለውን ዘይት እስከ ጠብታው አፍስሶ ንጹሕ ሞላበት። ይህን ሲያይ ዶክተር ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ቅዳሜና እሑድ በክሪክ ከፍ እያደረጉ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር አጋጠሙ። በሳምንቱ ውስጥ እናቷ «የብብቷን አምጡ፣ የጉልበቷን ውሰዱ» እያሉ ካርቶናቸውን ባዶ አደረጉ። የማቀዝቀዣው ውሃ ተሞላ፣ ብርቱካንማዎቹ ገመዶች በየቦታቸው ታሰሩ። ቅዳሜ ሲመሽ የቀሩት ሁለቱ ዘንጎችና ጎማዎቹ ብቻ ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ነው። እሑድ ሙሉ ቀን አለ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አሉ እናቷ፣ አማቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በአድናቆት እያዩ።

እሑድ ጠዋት ሰሌዳው ከመኪናዋ ፊት ቆመ። መኪናዋም ፊት ለፊት እንደ ተማሪ አየችው። «ቀኝ» የተጻፈበትን ዘንግ አንሥቶ ወደ ቀኟ ወሰደው። አስገባ። አልደረሰም። አንድ ክንድ ያህል ጎደለ። እንደ ገና ገፋ። የጎደለው ያው ነው። «ግራ» የተጻፈበትን ወደ ግራ ወሰደ። እሱ ደግሞ ተርፎ የጎማው ማሰሪያ ውስጥ መግባት እንቢ አለ። በቴፕ ለካ። ካምቢዮውን ለካ። ዘንጉን ለካ። ሦስት ጊዜ ለካ። ላቡ ጆሮው ሥር ወረደ።

ያቺ የዶክተር እሾህ አሁን ወጋችው። ያንዱን ጉበት ላንዱ። ይህ ካምቢዮ የዚህች መኪና አይደለም! ሌላ መኪና ነው፤ ሌላ ስፋት ነው። ዘንጎቹ የማይደርሱት ለዚያ ነው። ዶክተር ተጠራ። መጥቶ አየ፤ ጉንጩን አከከ።

«ፕላስተሩ ላይ የጻፍከው ልክ ነው?» አለ።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ የምተዳደረው በጽሑፍ ነው!»

«እንግዲያ ካምቢዮው ነው የተሳሳተው» አለ ዶክተር። ለተጻፈ ነገር እንዲህ ያለ አክብሮት ያለው፣ በሰፈራችን ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር የለም። አንዱ አጭር አንዱ ረዥም የሆኑ ሁለት ዘንጎች ፊታቸው ተጋድመው እያዩ፣ አንድም ሰው ቢለዋወጡስ አላለም። ተጽፏላ!

ሰሌዳው እጁን ታጥቦ ወደ ቤት ገባ። ሲስተር አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ነበር። ነጭ ጋዋኖቿ ታጥፈው ተደርድረዋል። ከላያቸው ላይ አንድ ማንቂያ ሰዓት ተቀምጧል። እሱ ነው ልቡን የሰበረው፤ በዚያ ቤት ሲስተርን ለተራዋ የሚቀሰቅሳት ሁልጊዜ እሱ ነውና ማንቂያ ሰዓት አያስፈልጋትም ነበር።

«ክፍሉን ያዢው» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ካምቢዮው የእኛ አይደለም። አይገጥምም። አሁን ሌላ የሚገኝበት ጊዜ የለም።» ማንቂያ ሰዓቱን አየ። «ይቅርታ፤ ያን ሳምንት በሬሳው ላይ ባልጨርሰው ኖሮ…»

ሲስተር ጋዋኑን አስቀምጣ አየችው። ጥፍሩ ሁሉ ጠቁሯል፤ ክርኑ ተልጧል። «ና አሳየኝ» አለች።

ወጡ። አጭሩን ዘንግ አሳያት፤ የጎደለውን አሳያት፤ ረዥሙንና የተረፈውን አሳያት። ስለ ካምቢዮ ስፋት ሰፊ ገለጻ አደረገላት። እሷ ግን የምታየው ፕላስተሩን ነበር። ነርስ ናት፤ በሽተኛ ከመንካቷ በፊት እጁ ላይ የታሰረውን ስም ታነባለች።

«ይሄን ስትጽፍ የት ነበርክ?»

«ከሥሯ። በጀርባዬ ተኝቼ።»

«ጭንቅላትህ ወዴት?»

«ወደ ውስጥ። እግሬ ወደዚህ፣ ወደ ውጭ።»

«ተኛ እስቲ።»

«ምን?»

«ተኛ አልኩህ!»

በንጹሕ ሸሚዙ ተንሸራቶ ገባ። ከመኪናዋ ሥር ሁለት እግር ብቻ ቀረ።

«ቀኝ እጅህን ወደ ውጭ ዘርጋ» አለች ሲስተር።

ከመኪናዋ ሥር አንድ እጅ ብቅ አለ። ብቅ ያለው በመኪናዋ ግራ በኩል ነው፤ የጋብቻ ቀለበት ያለበት እጅ።

እናቷ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው የእንቁላሉ ካርቶን ከጭናቸው ወደቀ። ዶክተር ግድግዳውን ይዞ ተንበረከከ።

«ቲቸር» አለች ሲስተር ጎንበስ ብላ ወደ እግሮቹ፣ «ፊት ለፊትህ ስትቆም መኪና ተማሪ ናት፤ ግራህ ቀኟ ነው። ከሥሯ ስትተኛ ግን ከጎንህ ነው ያለችው፤ ቀኝህ ቀኟ ነው። አንተ ግን ተኝተህም አስተማርካት!»

የተዘረጋው እጅ ቀስ ብሎ ተመልሶ ገባ።

«ሰማኸኝ? እኔን ያኔ ከጎንህ አስቀምጠህ ጣልከኝ። አሁን ደግሞ እሷን።»

«እንግዲያ» አለ ከሥሩ የሚመጣ ቀጭን ድምፅ፣ «ያኔ አንቺ ነበርሽ ልክ?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስጠብቃት የኖርኳት ቃል!» አለች ሲስተር። እናቷ «እሰይ!» ብለው አጨበጨቡ።

ፕላስተሮቹ ተላጡ። ዘንጎቹ ተለዋወጡ። ረዥሙ ገባ፤ ቀጭ። አጭሩ ገባ፤ ቀጭ። ከዚህ የሚጣፍጥ ቃል ሰሌዳው ከማንም አልሰማም። ጎማዎቹ ታስረው ክሪኩ ሲወርድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ሲስተር ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከሊፕስቲኩና ከቴርሞሜትሩ መካከል ብርቱካንማዋን መሰኪያ አወጣች። ጓንት አጥልቆ ሰካት። ሲስተር መሪው ላይ ተቀመጠች። ቁልፉን ተጫነች።

ምንም።

ሁላችንም ጆሯችንን ቀሰርን፤ በሩ ላይ ከካፌው የመጣን አሥራ አምስት ሰዎች ነበርን። ዶክተር ቆቡን አወለቀ። «ሞተች እንዴ?» አሉ እናቷ።

«ኧረ ዝም በሉ» አለች ሲስተር። ፊቷ ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ብርሃን ወድቆ ነበር። «ዝግጁ ነኝ ትላለች።»

እግሯን ከፍሬኑ አነሣች። መኪናዋም፣ እንደ ጥንቷ፣ ዝም ብላ ሄደች። ለዝምታ እንዲህ ሲጨበጨብ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሲስተር ከግቢው ስትወጣ ሰሌዳው ከፊቷ ቆሞ መራት። «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!» እያለ ግራ እጁን ያወዛውዛል። ቦታው ላይ ያለን ሰው ሁሉ ግራ ተጋባን። እሷ ብቻ ያላንዳች ጥርጣሬ ወደ ቀኝ ታጥፋ ሄደች። ሻንጣው ባዶውን ወደ ቁምሳጥኑ አናት ተመለሰ። ማንቂያ ሰዓቱን እናቷ ወሰዱት፤ «እንቁላል ለመቀቀል» ብለው።

ያን ጠዋት ክፍል ሲገባ በጥቁር ሰሌዳው መሐል ላይ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የፈሰሰው ዘይት የሠራው ትልቅ ጥቁር እድፍ እንዳለ ነበር። ዳስተር አይለቅቀውም፤ ጠመኔም አይዝበትም። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ያ ምንድነው?»

«እሱ እውነተኛ ካምቢዮ ነው» አለ። ከኪሱም ሦስት ሎሚ አወጣ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ካፌው በረንዳ ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ፤ አልጠጣም። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። እያወራነው አንገቱን ወደ መንገዱ አስግጎ ያዳምጣል። የጭነት መኪና ሲያልፍ «እስቲ ዝም በሉ» ይለናል።

«ቲቸር» አለ ዶክተር፣ «ድምፅ የሌላትን መኪና ነው የምታዳምጠው?»

«እንዳትበላሽ ነው የማዳምጠው።»

«ስትበላሽም እኮ ድምፅ የላትም!»

ሰሌዳው ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ከኋላው እጅ ትከሻው ላይ አረፈ። ከወንበሩ ዘለለ። መኪናዋ ከእግረኛው መንገድ ጥግ ቆማለች፤ መቼ እንደመጣች ከአሥራ አምስታችን አንድም የሰማ የለም። ሲስተር ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ያልተነካውን ሻይ ወደ ራሷ ሳበች።

«አልሰማኸኝም?» አለችው።

«ምንም አልሰማሁም» አለ ሰሌዳው። ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ።